ለሦስት ዓመት ብለው መጥተው የቀሩት ወይዘሮ አርዲስ ቶርሰን

ወይዘሮ አርዲስ ቶርሰን ከአባታቸው ከአቶ ኦርቪል ሊንድክዊስት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንገር ሶልበርግ፣ በአሜሪካ አገር በአዮዋ ግዛት፣ ቤተል ግሮቭ በምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1938 ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት በበቆሎ ማሳ መሐል ያለች ነጭ የእንጨት ቤት ነበረች። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ማርሊስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተወልደው እስከ መጨረሻው ሚስጥረኛቸው ሆነዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ አንዲት መምህርት ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ክፍል በምታስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ። ሁለተኛ ደረጃን በ1956 በከተማው አጠናቀው በስልክ ቤት ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። የማን ላም እንደ ወለደች፣ የማን ልጅ እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተኳረፈ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ከአፋቸው ወጥቶ የሰማ ሰው ግን የለም።

በሰኔ ወር 1959 ከአቶ ዌንደል ቶርሰን ጋር በቤተል ግሮቭ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ዌንደል የኮምባይነር መካኒክ፣ ነገረ ሥራቸው ዝግ ያለ፣ ለእሑድ ጸሎት እንኳ ሲሄዱ ጥፍራቸው ሥር ግራሶ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። በ1962 ሴት ልጃቸውን ኮሪንን፣ በ1965 ወንድ ልጃቸውን ቶድን ወለዱ።

ስለ ቤተል ግሮቭ አንድ ነገር ሳይነገር የወይዘሮ አርዲስ ታሪክ አይሟላም። በዚያች ከተማ ሰው የሞተበት ቤት ምግብ አይሠራም። ወሬው በተሰማበት ቀን ጎረቤት ሁሉ በምድጃ የበሰለውን ሥጋና ድንች ከነሳህኑ ተሸክሞ ይመጣል። በር አይንኳኳም፤ በጓሮ በኩል ተገፍቶ ይገባል። ሳህኑ ለባለቤቱ እንዲመለስ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ከሥሩ ይለጠፋል። ሐዘንተኛው ምንም ቢል፣ ብቻውን አይተውም። ወይዘሮ አርዲስ ከእናታቸው የወረሱት ሥርዓት ይህ ነበር፤ በዓለም ላይ ሌላ ዓይነት ሐዘን ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

በ1974 አቶ ዌንደል የሚሠሩበት ኩባንያ በእንግሊዝ አገር አዲስ ፋብሪካ ሲከፍት "ለሦስት ዓመት ብቻ" ተብለው ተላኩ። ቤተሰቡም በሊንከንሻየር፣ በስኬልቢ መንደር፣ በወፍጮው መንገድ ከነበሩት ቤቶች አንዱን ተከራይቶ ገባ። ወይዘሮ አርዲስ ባዶ ሻንጣዎቹን ቆጥ ላይ ይሰቀሉ ሲባሉ እምቢ ብለው ከአልጋቸው ሥር አኖሯቸው። "ለሦስት ዓመት ብሎ ማን ቆጥ ይወጣል?" ነበር ያሉት።

የአጥር ጎረቤቶቻቸው በዕድሜ የሚበልጧቸው አቶ ሃሮልድ ኮክዌል እና ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤኒድ ነበሩ። ወይዘሮ ኤኒድ በመጀመሪያው ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "እንግዲህ አንድ ቀን ሻይ እንጠጣለን" አሉ። በዚያ መንደር ይህ ሰላምታ ነው፤ ቀጠሮ አይደለም። ወይዘሮ አርዲስ ግን በሁለተኛው ቀን ባልና ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ካሮትና አናናስ የተቀላቀለበት ጄሎ የሚባል አረንጓዴ የረጋ ምግብ ይዘው በጓሮ በር ገቡ። አቶ ሃሮልድ በእግር ሹራባቸው እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። የሚንቀጠቀጠውን ነገር ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፣ "እቱ፣ ይሄ ሰላጣ ነው ጣፋጭ?" ብለው ጠየቁ።

"ሰላጣ ነው" አሉ ወይዘሮ አርዲስ።

"ይቅር በለን" አሉ አቶ ሃሮልድ፤ ግን ደግመው በሉ።

ኑሮው እንዲህ ተጀመረ። ወይዘሮ አርዲስ በመኪና መንገድ ግራ ይዘው መንዳትን፣ ልብስ በካፊያ መካከል ማስጣትን፣ ብርዱን ብርድ ነው ብሎ አለማማረርን ተማሩ። ያልተማሩት ነገር አዮዋን መርሳት ነበር። ከሁሉ በላይ የሚናፍቃቸው የሐምሌ ሙቀቱና ነጎድጓዱ ነበር፤ ቤት የሚያናውጥ፣ ከብት የሚያስበረግግ ነጎድጓድ። የስኬልቢ ሰማይ ያለቅሳል እንጂ አይቆጣም። አልፎ አልፎ ከሩቅ የሰማይ ጉርምርምታ ሲሰማ፣ ሌላው ልብሱን ለማስገባት ሲሮጥ እሳቸው ወደ ደጅ ወጥተው ይቆሙ ነበር።

በየዓመቱ ጓሮ ውስጥ በቆሎ ይዘራሉ፤ በየዓመቱ ሳያፈራ በረዶ ይደርስበታል። አቶ ሃሮልድ በአጥሩ ላይ ተደግፈው፣ "ዘንድሮስ ለላም ነው ለሰው?" ይሏቸው ነበር። ያ ዝናብ የጠፋበት የ1976 በጋ ሲመጣ ግን እንግሊዝ በሙሉ ሲያዝን በወይዘሮ አርዲስ ጓሮ በቆሎው ከሰው በላይ ቆመ። አቶ ዌንደል ገላ የታጠቡበትን ውኃ በባልዲ እያመላለሱ አጠጡት። እሸቱ በደረሰ ጊዜ የመንገዱ ሰው ሁሉ ተጠርቶ ተቀቅሎ፣ ቅቤ ተቀብቶ በላ። ወይዘሮ ኤኒድ አገጫቸው ላይ የወረደውን ቅቤ እየጠረጉ፣ "ምነው ይህን ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ!" አሉ። የዚያን ቀን ወይዘሮ አርዲስ እንደ ሳቁት ሲስቁ ያያቸው የለም።

ሦስቱ ዓመት አለፈ። መጀመሪያ ኩባንያው ውሉን አራዘመ፤ ቀጥሎ የኮሪን ትምህርት ይለቅ ተባለ፤ ከዚያ የቶድ። "በሚመጣው ዓመት" ይላሉ አቶ ዌንደል፤ "እሺ" ይላሉ ወይዘሮ አርዲስ። ሻንጣዎቹ ከአልጋው ሥር ነበሩ።

በኅዳር ወር 1983 አቶ ዌንደል በፋብሪካው ውስጥ ሥራ ላይ እያሉ ልባቸው በድንገት ቆሞ አረፉ።

ወይዘሮ አርዲስ በዚያው ቀን ጠረጴዛውን አጸዱ፤ ለሚመጣው ምግብ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ አስለቀቁ፤ ወንበር ከየክፍሉ ሰብስበው ሳሎን ደረደሩ፤ የጓሮውን በር ሳይቆልፉ የደጁን መብራት አብርተው ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። በበሩ ቀዳዳ የሐዘን ካርድ ይወድቃል፤ እግር ይርቃል። በዚህ አገር ቀብር ይዘገያል፤ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ነበር ቀኑ የደረሳቸው። በአዮዋ ቢሆን እስከዚያ መቃብሩ ላይ ሣር በበቀለበት። ያን ሁሉ ቀን ከልጆቻቸው ጋር በደረደሩት ባዶ ወንበር መካከል ተቀመጡ።

በቀብሩ ቀን አስከሬኑን ተከትለው ሲወጡ ቀና ብለው መንገዱን አዩ። እኩለ ቀን ነበር። በወፍጮው መንገድ ያሉ ቤቶች ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ መጋረጃቸው ተዘግቷል። ወይዘሮ አርዲስ ወደ መኪናው ገቡ። ከቀብር መልስ ለወይዘሮ ማርሊስ ስልክ ደውለው፣ "ሊያዩን እንኳ አልፈለጉም፤ መጋረጃቸውን ዘጉብን" አሉ፤ "ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።"

የከበዳቸው መሄዱ አልነበረም። አቶ ዌንደልን ፊቱን ባዞረባቸው ሰው መካከል ትተው መሄዱ ነበር። "ማን ይጠይቀዋል? ማን መቃብሩን ያርማል?" ይሉ ነበር፤ ለሰው ሳይሆን ለእግዚአብሔር።

ቲኬት ተቆረጠ፤ ዕቃ በካርቶን ተሞላ። ለመሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ በመጋቢት ወር 1984፣ አቶ ሃሮልድ ኮክዌል አረፉ።

ወይዘሮ አርዲስ ወሬውን እንደ ሰሙ የታሰረ ካርቶን ፈትተው የመጋገሪያ ሳህናቸውን አወጡ። ኮሪን ተናደደች። "እማዬ፣ ለኛ ምን አደረጉልንና ነው?"

"ለነሱ አይደለም የምሠራው" አሉ። "ለቅሶ ቤት ነው።"

ሥጋና ድንቹን ከነትኩሳቱ በፎጣ ይዘው፣ ሳያንኳኩ በኮክዌሎች ጓሮ በር ገቡ። ወይዘሮ ኤኒድ መጋረጃው በተዘጋ ጨለማ ክፍል፣ የቀዘቀዘ ሻይ ፊታቸው ተቀምጦ ብቻቸውን ነበሩ። ሰው ሲገባ አይተው ደነገጡ።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ምንም አልሆንኩም። ብዪ፣ ቅመሺ። ምነው እንዲህ ጨለማ ውስጥ?"

"ሰው ሞቶብኝ መጋረጃ ከፍቼ ልቀመጥ? ምን ይሉኛል? እንኳን እኔ፣ ያኔ ለዌንደል እንኳ መንገዱ በሙሉ ዘግቶ አልነበር? ሃሮልድ እኮ ነው በየቤቱ ዞሮ የተናገረው። ጥግ ላይ ያሉት አዲስ ገቢዎቹ አናውቀውም ብለው ሲያንገራግሩ፣ 'ጨዋ ሰው በደጃችሁ ሲያልፍ ተነስታችሁ አክብሩ' ብሎ ራሱ ገብቶ ዘጋባቸው። በዚህ መንገድ ለማንም እንዲህ ተደርጎ አያውቅም።"

ወይዘሮ አርዲስ የያዙትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "ታዲያ ምነው ሳትመጡ ቀራችሁ?" አሉ።

"ሐዘንተኛ ይረበሻል እንዴ? አንቺም ብታስቢው... መብራቱን ሁሉ አብርተሽ ስታመሺ፣ ሃሮልድ 'ይቺ ልጅ ጨለማ ትፈራለች መሰለኝ' ይል ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ ሁለቱም አለቀሱ። ወይዘሮ ኤኒድ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እህል የቀመሱት ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ አርዲስ ወደ ቤታቸው ተመልሰው መጋረጃውን በእጃቸው ዘጉ። ለልጆቻቸውም የሆነውን ነግረው፣ "አሁን አባታችሁን ትቼው ብሄድ አልሰጋም፤ ያለው ሰው መካከል ነው" አሉ። ቶድ ፊቱ በርቶ፣ "ታዲያ ሐሙስ እንሄዳለን?" ሲላቸው፣ "ሃሮልድ ሳይቀበር የት ይኬዳል?" ብለው መለሱለት። ሐሙስ አለፈ። አቶ ሃሮልድ ተቀበሩ፤ የበቆሎ መዝሪያ ጊዜ ደረሰ፤ ወይዘሮ ኤኒድ በአጥሩ ላይ ቆመው "ዘንድሮ እኔ አጠጣልሻለሁ" አሉ። የመሄድ ነገር ከዚያ በኋላ ተነስቶ አያውቅም።

ከ1985 እስከ 2003 በመንደሮች በሚዞረው የቤተ መጻሕፍት መኪና ላይ ሠርተዋል። መጽሐፍ ሊወስድ መጥቶ ሆዱን አራግፎ የሚመለሰው ብዙ ነበር። መልስ አያበዙም፤ ያዳምጣሉ። ለቅሶ ቤት ሲኖርም ሳህናቸው ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። መጀመሪያ "አሜሪካዊቷ ደግሞ ጀመረቻት" የሚሉ ነበሩ፤ ውሎ አድሮ ግን እነዚያው ሰዎች ሳህን ተሸክመው በጓሮ በር መግባት ለመዱ።

ቶድ በ1988 ወደ አዮዋ ተመልሶ በአክስቱ በወይዘሮ ማርሊስ እርሻ ላይ ኑሮውን መሠረተ። ኮሪን በስኬልቢ አቶ ሬይመንድ ፓይክን አግብታ ቀረች። ወይዘሮ አርዲስም ልባቸው ለሁለት አገር ተከፍሎ፣ በሄዱበት ሁሉ አንዱ ወገን እየጎደላቸው ኖሩ። በየገናው ወይዘሮ ማርሊስ በስልክ፣ "አንቺ፣ አነጋገርሽ እንግሊዝ እንግሊዝ አለኮ!" ይሏቸዋል። "እዚህ ደግሞ አሁንም አሜሪካዊቷ ነኝ" ብለው ይስቃሉ፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ከወንበራቸው አይነሱም። በ2001 ወደ ቤተል ግሮቭ ሲሄዱ የተወለዱባት ነጭ ቤት ፈርሳ፣ ቦታዋ ታርሶ አገኙት። "በቆሎ ነው የዘሩበት፤ ደግ አድርገዋል" አሉ፤ ከመንገድ ዳር ግን ቶሎ አልተነሱም።

በ2021 የልብ ድካም አገኛቸው፤ በሐኪም ሲረዱ ቆይተው በ2023 መግቢያ አልጋ ያዙ። ቶድ ከአዮዋ መጥቶ አጠገባቸው ሰነበተ። በቤተል ግሮቭ ከእናትና ከአባታቸው ጎን ቦታ እንደ ተጠበቀላቸው ያውቃሉ፤ ለዓመታት ሲጠየቁ "እናያለን" ከማለት በቀር መልስ ሰጥተው አያውቁም ነበር። ቶድ እጃቸውን ይዞ፣ "እማዬ፣ አገርሽ ልውሰድሽ? ማርሊስ እየጠበቀችሽ ነው" አላቸው።

ወይዘሮ አርዲስ ዓይናቸውን ጨፍነው የቶድን እጅ ጨበጡ።

"የለም ልጄ" አሉ። "እዚያ ተኝቼ እዚህን ከምናፍቅ፣ እዚህ ተኝቼ እዚያን ብናፍቅ ይሻለኛል። እሱን ለምጄዋለሁ።"

ወይዘሮ አርዲስ ቶርሰን በተወለዱ በ84 ዓመታቸው የካቲት 2 ቀን 2023 ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓትም በፈቃዳቸው መሠረት በስኬልቢ ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው ከአቶ ዌንደል ጎን ይፈጸማል። ልጆቻቸውን ኮሪንንና ቶድን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ማርሊስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በሁለት አገር የሚያለቅሱላቸውን ወዳጆች ትተው ሄደዋል።

ናፍቆታቸውን ሁሉ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ የሚያውቅ አምላክ፣ መሄድና መቅረት በሌለበት አገሩ ያሳርፍልን። ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።