ጆሮ የሌላቸው ሴሎች ልደት

ሰኞ፣ ማርች 3

የኦርሁስ ከተማ ነፋስ ብስክሌቴን ከነእኔ ወደ ቤት ሊመልሰን ምንም አልቀረው። ደረስኩ ግን። ጠዋት የማይክሮስኮፑን መብራት ቀየርኩ። ከሰዓት የሴሎቹ ማሞቂያ ሳጥን በር ላይ ሁለት የወረቀት ዓይንና አንድ ወፍራም ጢም ለጠፍኩ። ቁርጥ ፕሬበንን! ፕሬበን፣ የላብራቶሪው አለቃ፣ ራሱ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ የራሱን ጢም እያሻሸ ስለ ሌላ ነገር አሰበ፤ ምንም ሳያስተውል ሄደ። ቲልዴ ሳቋን ይዛ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሮጠች።

የእህቴ ልጅ ናት። እኔ አሮጌ ሬዲዮ እየፈታታሁ የተማርኩ የመሣሪያ ጠጋኝ፣ እሷ ዶክትሬቷን የምትሠራ… አንድ ጣራ ሥር መዋላችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«አጎቴ፣ የልብ ኪኒንህን ዋጥክ?»

«እንዴታ!»

አልዋጥኩም። አንዲት ፍሬ ነጭ ነገር ምን ልታደርግ?

ሐሙስ፣ ማርች 6

ሥራዋን በራሴ አነጋገር ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይገባኝም።

ሴል ጆሮ አለው። እነሱ «ተቀባይ» ነው የሚሉት። ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚረጨው አድሬናሊን መጥቶ ሲጮህ ሴሉ በዚያ ጆሮ ይሰማል። የልብ ጆሮ አንድ ዓይነት ነው፣ የሳንባ ደግሞ ሌላ። ቲልዴ የልብን ጆሮ ብቻ የያዘ፣ በሰማ ቁጥር አረንጓዴ የሚያበራ ሴል መሥራት ትፈልጋለች። በዚያ ላይ የልብ መድኃኒት ይፈተንበታል። መብራቱን አስገብታለች። ችግሩ፣ እነዚህ ሴሎች ከድሮም የሳንባ ዓይነት ጆሮ አላቸው። ታዲያ ሲያበሩ የትኛው ጆሮ እንደሰማ በምን ይታወቃል? ስለዚህ የጆሮውን አሠራር ትእዛዝ የያዘውን ጂን ቆርጣ የድሮውን ጆሮ አጠፋች።

ነገ አድሬናሊን ትጨምርባቸዋለች። ምንም ካላበሩ ተሳካላት ማለት ነው። ሰው ጨለማ ለማየት እንዲህ ይጓጓል?

በሜይ መጨረሻ ሥራዋን ሊያዩ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ይመጣሉ። ሴሎቹ ንጹሕ ከሆኑ አብረዋት ይሠራሉ። ካልሆኑ ሌላ ቡድን አላቸው። የዶክትሬቷ ግማሽ በዚህ ላይ የቆመ ነው… እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት፣ እሷ ተኝታለች።

አርብ፣ ማርች 7

አበሩ።

ሁሉም አይደሉም። እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነጠብጣብ። ቲልዴ ምስሉን አጉልታ ነጠብጣቦቹን መቁጠር ጀመረች። ፕሬበን ወደ እኔ ዞረ።

«ኤስበን! ያንን ነገር በሩ ላይ ስትለጥፍ ሴሎቹን ነካክተሃል?»

«እኔ የለጠፍኩት ጢም ነው እንጂ ጆሮ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ጢሙን ሄጄ አነሳሁት። በዚህ ቤት ሕግ የተሳሳተ ሰው አርብ ኬክ ያመጣል፤ ዛሬ ግን ስህተቱ የማን እንደሆነ ያወቀ የለም። ደረቅ ጥቁር ዳቦ በላን።

ሰኞ፣ ማርች 10

አገኘችው! ራሷ!

ቅዳሜና እሁድን ስታስብ ከርማ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ከፈተች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሳህኑ ላይ ባሉት ትንንሽ ጉድጓዶች በእያንዳንዷ ውስጥ አንድ ሴል ብቻ ይገባል፣ ከእሱ የሚወለዱት ሁሉ እሱን ይመስላሉ። ፎቶው ላይ አንድ የመሰለው ግን ሁለት ነው፤ ተጣብቀው። የአንዱ ጆሮ ተቆርጧል፣ የሌላው አልተነካም። ያልተነካው ደግሞ ፈጥኖ ተራባ።

ምሳ ላይ ሳትሽኮረመም ለሁላችንም ተናገረች። «አንድ ነው ብዬ አለፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኬኩም የኔ።»

ፕሬበን ሹካውን አስቀመጠ። «እኔም ፎቶውን አይቼ አንድ ነው ብያለሁ። የኔም አለበት።»

ሁለት ኬክ! የሳይንስ ነገር ደስ ይለኛል።

ረቡዕ፣ ማርች 12

እንደገና ከዜሮ። አንድ ሴል፣ አንድ ጉድጓድ። አሁን እያንዳንዱን ጉድጓድ ሁለት ሰው ያያል። ሁለተኛው ዓይን እኔ ሆንኩ።

«አንድ?»

«አንድ።»

«አንድ?»

«አንድ ተኩል።»

«አጎቴ!!»

«አንድ፣ አንድ። ምን ያስቆጣሻል?»

ሳቀች። ከአርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ። ስንጨርስ፣ በአገራችን በልደት ቀን እንደሚደረገው፣ ትንሿን የዴንማርክ ባንዲራ አምጥቼ ማሞቂያው ሳጥን ላይ አቆምኩ።

ፕሬበን መጣ። «የማን ልደት ነው?»

«የሁሉም።»

አሰበ… ባንዲራዋን ቀና አድርጎ ሄደ።

አርብ፣ ማርች 28

ብዙዎቹ ሞቱ። የቀሩት ግን እየተባዙ ነው! በየጠዋቱ ካፖርቴን ሳላወልቅ ማይክሮስኮፑ ላይ ነኝ። ኪኒን? ረሳሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ሳይበርድ ልጻፈው።

ክፍሉን አጨለምን። ቲልዴ አድሬናሊኑን ጨመረች። ጠበቅን… ጨለማ። አሁንም ጨለማ። አንዲት ነጠብጣብ የለችም! እኔ «ሆ!» ብዬ ዘለልኩ፤ ጉልበቴ ጠረጴዛውን መታ።

ፕሬበን ግን ቀዝቀዝ አለ። «ሞተው ቢሆንስ? የሞተም አያበራም።»

መዝለሌን አቆምኩ። እንዴት አላሰብኩትም?

ቲልዴ አስባበታለች። ከዕፅዋት ሥር የሚወጣ መድኃኒት አለ፤ በጆሮ በኩል አያልፍም፣ ውስጥ ገብቶ መብራቱን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። አንድ ጠብታ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋን።

ስክሪኑ ሙሉ አረንጓዴ ሆነ! በሕይወት አሉ! መብራታቸው ይሠራል! ጆሮ ብቻ ነው የሌላቸው!

ፕሬበን አቀፈኝ። ፕሬበን! ሰው ሲያቅፍ አይቼው አላውቅም። ቲልዴ እየሳቀች ታለቅሳለች። «አጎቴ፣ ጨለማ እንዲህ ያምራል?»

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

የልብ ጆሮ ገባ፣ ተቀበሉት። ይህንንም አንድ በአንድ ቆጠርን። አንድ ተኩል አላልኩም።

አርብ፣ ሜይ 23

ስዊድኖቹ መጡ፣ ሁለት ሴቶች። ቲልዴ መጀመሪያ ጆሮ የለሾቹን አሳየቻቸው። አድሬናሊን… ጨለማ።

«ስዊድኖች ጨለማ ለምደዋል፣ አይገርማቸውም» አልኩ።

«ዴንማርኮች ደግሞ ጆሮ አለመኖርን» አለች ረዥሟ። ወደድኳት።

ቀጥሎ የልብ ጆሮ ያላቸው። አድሬናሊን… ቦግ! ረዥሟ ሴት ከወንበሯ ተነሳች።

ከዚያ ቲልዴ ሦስተኛ ሳህን አመጣች። ሴሎቹ ያው ባለ ልብ ጆሮዎቹ፤ እነዚህ ግን አስቀድመው የልብ መድኃኒት ቀምሰዋል። አድሬናሊን ጨመረች። ምንም። ጨመረች። ጭል ጭል እንኳ የለም። አድሬናሊን ይጮሃል፣ መድኃኒቱ ጆሮው ላይ ተኝቷል።

ወደ እኔ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንተ ኪኒን ነው፣ አጎቴ። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ንጹሕ መድኃኒት።»

ሳህኑንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አለመዋጤን ታውቅ ኖሯል? ከመቼ ጀምሮ? ወደ ጨለማው ሳህን እንደገና አጎነበስኩ።

ረዥሟ ሴት ሐተታ አላበዛችም። «ሴሎቹን መቼ ትልኪልናለሽ?»

ኬኩን ዛሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሳልሳሳት። ባንዲራዋን መሐሉ ላይ ተከልኩ። ፕሬበን ከኋላዬ መጥቶ ግንባሬ ላይ የወረቀት ጢም ለጠፈ። እንደለጠፈው ረስቼው እስከ ቤት ድረስ በብስክሌት መሄዴን ያወቅሁት መስታወት ሳይ ነው።

ማታ ስልክ ጮኸ።

«ዋጥክ?»

«እንዴታ!»

ዛሬ እውነቴን ነው።