ሪዙን በአውራ ጣትህ ሸፍነው

መካነ ሰላም
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወንድሜ ለኒቆዲሞስ አጥናፉ
ሚዛን

ሰላምታዬ አንተንም ሚስትህንም ልጆችህንም ባላችሁበት ያግኛችሁ። እኛ፣ እንደ አገራችን አፍ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ውርጩ ሳይቀድመን ሰበሰብነው።

አንቱ ልበልህ ወይስ አንተ ብዬ ትንሽ አመነታሁ። በዕድሜ ትበልጠኛለህ። ግን አንቱ ካልኩህ ባዳ ያደረግሁህ ይመስላል፤ ባዳ ያደረግኸኝ ደግሞ አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ አንተ ነህ። ካልጣመህ ስትመጣ ትቆጣኛለህ።

ስልክህ አይነሳም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የጽሑፌን መንጋደድ አትይብኝ። የሰፈራችን ሹፌር ፋሩቅ ቡና ሊጭን ወደ እናንተ ሲወርድ በእጁ ልኬልሃለሁ። አብሮ የተጠቀለለ ፎቶ አለ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳታየው። መቼም ቀድመህ አይተኸው ይሆናል፤ ግድ የለም።

ከሥሩ ልንገርህ። በአባታችን ተዝካር ቀን፣ አዎ አባታችን ነው ያልኩት፣ ዝም ብለህ አንብብ፣ እናቴ ንግሥቴ እጄን ይዛ ከወግዲ አመጣችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌው ሁሉ ተቀምጦ አንተ ተነሳህ። "እስኪ ይህችን ልጅ እዩዋት፤ ፊቷ ላይ የአባቴ ነገር አለ?" አልክ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አለ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በእናቴ አባት ስም በለጥሻቸው ኪዳን እየተባልኩ ኖርኩ። መሬቱን አልጠየቅሁህም፣ ቤቱንም አልጠየቅሁህም። ባል አግብቼ እዚሁ መካነ ሰላም ልብስ እየሰፋሁ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነበረች።

የእድራችንን መሥራቾች ፎቶ ታስታውሰዋለህ። ገበያው ዳር ቆመው የተነሱት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ትከሻ ለትከሻ፣ አባታችን ከዳር ጋቢውን ደርቦ። በሕይወቱ የተነሳው ፎቶ ያ ብቻ ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ከረመና ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። ሲያላቅቁት የሰው ፊት መስታወቱ ላይ ቀረ። አሁን አዲስ አዳራሽ ሠርተናል፤ ፎቶው ታድሶ፣ በትልቁ ታጥቦ ግድግዳው ላይ ይሰቀል ተባለ። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት የከፈተች ፊርደውስ የምትባል የደጎሎ ልጅ አለች፣ የተበላሸ ፎቶ በኮምፒውተር የምትጠግን። ለእሷ ተሰጠ።

የሌሎቹ መልክ ተገኘ። የአንዱን ከመታወቂያው፣ የአንዱን ከልጁ ሠርግ ፎቶ እያመጡላት ገጣጠመችው። ከአባታችን ግን የቀረው አንድ ጆሮ፣ አገጩና የሪዙ ግማሽ ነው። ከአፍንጫ ወደ ላይ ባዶ ነጭ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሙላው አለች። የነበረውን አፍ ሳይቀር ለውጦ ሞላው። ምን አድርጎ ሞላው መሰለህ፤ ቅንድቡ የተቀነደበ፣ ቆዳው እንደ ሕፃን የለሰለሰ፣ የጥርስ ሳሙና የሚያስተዋውቅ ጎረምሳ ጋቢ ለብሶ ቁጭ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ አምባቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩና "ያምራል፤ ይሁን" አሉ።

እኔ እዚያ የተገኘሁት የአዳራሹን መጋረጃ ናሙና ላሳያቸው ነው። ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። አልቻልኩም።

"ማን ነው እሱ?" አልኳቸው።

"አጥናፉ ነዋ።"

"አጥናፉ ጥርሱን ለሰው አሳይቶ ያውቃል?"

"በለጥሽ፣ የሞተ ሰው ነው። ማን ያስታውሰዋል?"

"ማንም ካላስታወሰው የእርስዎን አባት ፊት ይለጥፉበትና ይገላገሉ።"

ፊርደውስ ሳቋን በሻርፗ ደበቀች። ከዚያ "የሥጋ ዘመድ ካለ ከእሱ ፊት መበደር ይቻላል፤ ልጅ የለውም?" አለች። ጋሽ አምባቸው ስልክህን ሞከሩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ልጅቷ የደጎሎ ሰው ናት፣ የኛን ጉድ ከየት ታውቃለች። ወደ እኔ ዞረችና "እትዬ፣ እርስዎ ሲቆጡለት አየሁ። ምንዎ ነው?" አለችኝ።

"አባቴ ነው" አልኩ።

ጋሽ አምባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሷ እንኳ..." ብለው አቆሙ።

"እሷ እንኳ ምን? ይጨርሱት እንጂ።"

"የለም፣ ወንድሟ ያኔ..."

"ወንድሜ ሚዛን ነው። እኔ እዚህ ነኝ። ልጄ፣ የት ነው የምቀመጠው?"

ሻሼን ፈትቼ ተቀመጥኩ። "ትንሽ ፈገግ ይበሉ" አለችኝ። ከየት አምጥቼ። ጋሽ አምባቸውን እያየሁ፣ ንዴቴ ግንባሬ ላይ እንደወጣ አነሳችኝ።

ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። የሪዙን ግማሽ ገልብጣ ለሌላው ጎን አደረገችው። የኔን አፍንጫ፣ ዓይንና ግንባር ቆርጣ፣ አደብዝዛ፣ የድሮውን ቀለም አልብሳ አገጩ ላይ አሳረፈችው። ዕድሜዬን ጨርቅ ስጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተጣፈ ነገር አያመልጠኝም። ስፌቱን ፈለግሁ፣ አጣሁት። ደስ ሊለኝ ሲል ግን ተጠራጠርኩ። ይሄ ማሽን የአህያም ፊት ቢሰጡት ይገጥመዋል አልኩ በልቤ።

ስለዚህ አባባ ረመዳን ይዩት አልኩ። ከፎቶው ሰዎች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የቆሙትም ከአባታችን ጎን ነው። የማን ፊት እንደሆነ እንዳይነግሯቸው ጋሽ አምባቸውን አስማልኳቸውና ከፎቶ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ገባሁ። የሃምሳ ዓመት ሴትዮ፣ እንደ ሌባ።

መጡ። ፊርደውስ ስክሪኑን አዞረችላቸው። "ይኼ እኔ ነኝ። አይ ጉልበት፣ የት ሄድክ" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጎናቸው ወደ ቆመው ሰው አሻገሩ።

"አጃኢብ" አሉ። "አጥናፉ፣ አንተ ሙግተኛ፣ ዛሬም አኩርፈሃል?"

"እርግጠኛ ነዎት?" አሉ ጋሽ አምባቸው።

"ስማ አምባቸው። ከዚህ ሰው ጋር ስጣላ ስታረቅ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ሊሟገተኝ ሲል ይቺ ቅንድቡ ከአፉ ቀድማ ትነሳለች። ያን ቀንም ፎቶ አንሺው ፀሐይ ላይ አቆመን ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ወላሂ እሱ ነው።"

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ "እንደምን ዋሉ አባባ ረመዳን" አልኳቸው። እኔን አዩ። ስክሪኑን አዩ። እንደገና እኔን አዩና "ያረቢ" ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ እኔም ነበርኩ። አንቺ ታለቅሺ ነበር። አጥናፉን ሲያለቅስ ያየው ሰው የለም፤ በምን እንወቅሽ?"

ያን ማታ ራት በልቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። አሁን ገበያ ስወጣ "የአጥናፉ ልጅ" ይሉኛል፣ ቀድሞ የሚያውቁኝም ሳይቀሩ። ጋሽ አምባቸው ለአዳራሹ ምረቃ ሱሪ ስፊልኝ አሉኝ፤ ሰፋሁላቸው፣ ጠበብ አድርጌ።

ኒቆዲሞስ፣ ይቅርታ በለኝ አልልህም። ያረስከውን አርሰሃል፣ የሸጥከውን ሸጠሃል። ያኔ አንተም ልጅ ነበርክ፤ አባቱን የቀበረ ልጅ አፉ የሱ አይደለም። ይቺን መስመር ስጽፍ ብዕሩ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ግን ጻፍኳት።

አሁን ፎቶውን ዘርጋ። ዳር የቆመውን ሰውዬ ሪዙን በአውራ ጣትህ ሸፍነው። ማን እንደሚያይህ ታውቃለህ። ከዚያ መስታወት ፊት ቁምና የራስህን ቅንድብ እይ፤ በተለይ አሁን፣ እኔ ይህን ሁሉ ተናግሬህ ተቆጥተህ ሳለ።

ምረቃው የጥር ማርያም ማግሥት ነው። ለመሥራቾቹ ልጆች ከፊት ወንበር ተይዟል። ከጎኔ ባለው ላይ ሰው እንዳይቀመጥበት ኮት አኖርበታለሁ። ኮቱ ያንተ ነው። የቆላ ሰው ሆነሃልና የኛ ብርድ ይጥልሃል። ልክህን ስለማላውቅ የአባታችንን ትከሻ ከፎቶው ላይ በዓይኔ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። ከጠበበህ እዚሁ እፈታልሃለሁ፤ ጨርቅ ትርፍ ትቼበታለሁ።

መንገድህን ማርያም ታቅናልህ። ልጆችህ ወግ ማዕረግ ይዩልህ፤ ከመጡም አክስታቸው ቤት ሰፊ ነው። አባባ ረመዳን ዱዓ አድርገውልሃል፤ አሚን በል።

እህትህ
በለጥሻቸው አጥናፉ