ሦስት ሰዓት፣ ማማው ሥር

ረቡዕ፣ መስከረም 28። አሰላ

የዛሬው ገብስ እርጥበቱ አይጣል ነው። የበቆጂ ጭነት። ደጋግሜ መዘንኩ፣ ያው። ላብራቶሪው ውስጥ እኔና ማድረቂያው ብቻ። ስወጣ ዝናብ፤ ባጃጅ የለም፤ በጋሪ ገባሁ። ፈረሱም እንደኔ አኩርፏል።

ደብተሬ፣ ቪዛው መጣ! ቤልጅየም፣ የብቅል ሥልጠና፣ አንድ ሳምንት። ከፋብሪካው እኔና ከድር ነን። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። እኔ የማስበው ታሪኩን ነው። ታናሽ ወንድሜን። በበረሃ በባሕር አድርጎ እዚያው አገር ከገባ ስንት ዓመቱ። አባዬ ሲሞት መርዶውን በስልክ ሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አይደውል፣ አያነሳ። አባቱን ያልቀበረ ልጅ ምን ብሎ ይደውላል? አፍሮ ነው። እማዬ ስሙን መጥራት ትታለች። "ያ ልጅ" ነው የምትለው።

እመጣለሁ፣ ዓይንህን ልየው ብዬ ጻፍኩለት።

ዓርብ፣ መስከረም 30። ሻንጣ ተዘግቷል

መልስ የለም።

ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ጩኮ ሠርታ አመጣች። የገብስ ዱቄቱ ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። እኔ እስክመለስ ከእማዬ ጋር የምታድረውም እሷ ናት። እማዬ ጩኮውን አሸተተች፣ ፌስታል ላይ ፌስታል ደረበችበት። ለማን እንደሆነ አትናገርም። "ብቻሽን እንዳትጨርሺው" አለችኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጌንት

ሥልጠናው ጥሩ ነው። የቀረው ሁሉ ዝምታ። ሊፍት ውስጥ ሰላም ልል አፌን እከፍታለሁ፤ ሁሉም ስልኩን ያያል። ምሳ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠችው ፈረንጅ እንብላ ለማለት ሳህኔን ገፋ አደረግሁላት። የጠገብኩ መስሏት አንስታ ወሰደችው! ከድር ዕንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ። ተርቤ ዋልኩ። ሆቴል ስገባ ግን ከረሃቡ የባሰብኝ ሌላ ነው። እንብላ የሚለኝ ሰው አጣሁ።

ማታ። መለሰ! ታሪኩ መለሰ!

"እቴቴ። ቅዳሜ ብሩጅ ነይ። አሮጌው ከተማ። አደባባዩ ላይ ትልቅ ማማ አለ። ሦስት ሰዓት፣ ማማው ሥር።"

ይኸው ብቻ። ስንት ጊዜ አነበብኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ጌንት

ከድር ነገር አያጣም። የትኛው ሦስት ሰዓት? አለኝ። የኛ ነው የፈረንጅ? እኔ፦ የፈረንጅ ነዋ። እዚህ ስንት ዓመት የኖረ ልጅ በኛ ሰዓት ይቆጥራል? የነሱ ሦስት፣ የኛ ዘጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ልጠይቀው ጽፌ አጠፋሁት። ለመቅረት ሰበብ ይሆነዋል ብዬ ፈራሁ።

እሁድ ማታ በረራ ነው። ሙሉ ቀን ያለችኝ ነገ ብቻ ናት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ብሩጅ፣ ማማው ሥር

ማልጄ ወጣሁ። ከድር ለልጆቹ ጫማ ሊገዛ ገበያ ጎተተኝ። ከዚያ ብቻዬን ባቡር። ስልኬ ከሆቴል ከወጣ ኢንተርኔት የለውም፤ ዛሬ ለሰዓት ብቻ ነው የያዝኩት።

ከተማው ያምራል፣ አልዋሽም። በቤቶቹ መሃል ውሃ ይሄዳል። የቤቱ ጣሪያ ፊቱ እንደ ደረጃ ነው። ፈረስ ጋሪም አለ! ግን ተሳፋሪው ገበያ አይሄድ፣ ለቅሶ አይደርስ፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይወርዳል። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ነው። አንድ ባልና ሚስት ፎቶ አንሺን አሉኝ፣ አነሳኋቸው። እኔን ላንሳሽ ያለ የለም።

የማማው ደወል ሦስት መታ። የሐበሻ መልክ ባየሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዱን ታሪኩ ብዬ ጠራሁት፤ አልዞረም።

አራት መታ። ብርዱ ከውርጫችን ይብሳል። ከጩኮው አንድ ጎረስኩ፣ የቀረውን መልሼ ቋጠርኩት።

መሽቷል። ያ ልጅ! እማዬ ልክ ናት። አባቱን ያልቀበረ ለእህቱ ሊመጣ ኖሯል? ሁለተኛ ስሙን አልጠራም።

ያው ቀን፣ ማታ። ሆቴል

ሆቴል ስገባ ስልኩ ተንጫጫ። የሱ ነው። ከጠዋት እስከ ቀትር የላካቸው።

ደርሻለሁ ይላል። ከዚያ፣ እቴቴ ባቡሩ ዘገየብሽ? ከዚያ፣ ወደቡ ላይ ዓሣ መጋዘን አዳር ሠርቶ በቀጥታ ነው የመጣው፣ እንቅልፍ ሊጥለው ነው፣ ግን ይጠብቃል። የመጨረሻው ቀትር ላይ፦ "ገባኝ። ስለ አባዬ ከሆነ ልክ ነሽ። እማዬን ሳሚልኝ።"

ወይ ጉድ! ወይ እኔ! የኛ ሦስት ሰዓት ነበር። የጠዋቱ። እኔን ብሎ በኛ ሰዓት ቀጠረ፤ እሱን ብዬ በነሱ ሰዓት ሄድኩ። እኔ ጫማ ሳማርጥ እሱ እዚያ ቆሞ ነበር።

ደወልኩ። አያነሳም። ደገምኩ። ሥራ ገብቶ ይሆናል። ወይ አኩርፎ። ሁሉንም ጻፍኩለት፦ የሰዓቱን ነገር፣ እስኪመሽ መቆሜን፣ እማዬ ጩኮ መላኳን። መጨረሻ ላይ፦ "ነገ ሲነጋ ማማው ሥር ነኝ። ሰዓት አልነግርህም። ሲነጋ።"

ከድር ተይ አለኝ። ማታ በረራ አለ፣ እሁድ ባቡሩ አይታመንም፣ ብትቀሪስ? አዎ፣ ልቀር እችላለሁ። ሻንጣዬን ይዞልኝ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲጠብቀኝ ለመንኩት። እያጉረመረመ እሺ አለ።

መልእክቱን አሁንም አየሁት። አላነበበውም።

ባያነበውም እሄዳለሁ።