ዘላይዋ ሸረሪትና የተሸጠው መጋረጃ

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? አጎታችንስ ከጉልበቱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እየተነታረኩ ነው? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት የምነግርሽ ስላለኝ ነው፤ ካልነገርኩሽ ልፈነዳ ነው። ስለ ሸረሪት ነው። ኧረ ወረቀቱን አትጣይው! ሸረሪት ባየሽ ቁጥር አልጋ ላይ ወጥተሽ እሪ ስትዪ የኖርሽ ሴት መሆንሽን አልረሳሁም። ይቺ ግን ሌላ ናት።

ያገኘኋት በምሠራበት መጋረጃ መስፊያ ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባለው መስኮት ላይ ነው። ከጥፍሬ ታንሳለች፤ ጸጉራም ናት። ድር ዘርግታ ዝንብ እስኪመጣላት የምትጎለት አይደለችም፤ ታድናለች! እንደ ድመት ሆዷን ከመስኮቱ ደፍ አጣብቃ ትሳባለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ከዚያ እመር! ዝንቡ ምን እንደነካው ሳያውቅ አለቀለት። ጥንቃቄዋ ደግሞ! ከመዝለሏ በፊት ክሯን ከቆመችበት ታጣብቃለች፤ ብትስት እንኳ ተንጠልጥላ ትቀራለች እንጂ መሬት አትወድቅም። እኔ ስፌት ስጀምር ክሩን እንደማስረው ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አስተያየቷ ነው። ስምንት ዓይን አላት፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቅና ጥቁር ናቸው። ጠመኔዬን ወደ ግራ ስወስደው ወደ ግራ ትዞራለች፣ ወደ ቀኝ ስመልሰው ትከተለዋለች። እዚህ አገር ስንት ሰው በአጠገቤ ያልፋል፤ ቀና ብሎ ያየኝ ግን እሷ ናት ብልሽ አትስቂብኝ።

አንድ ቀን ወንዱ መጣ። አቤት ጭፈራ! የፊት እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ወደ ጎን እየተንሸራተተና እየተንዘፈዘፈ በብረት ማስመሪያዬ ላይ ያስነካው ጀመር። ጨርቅ ቆራጩና እኔ ሥራችንን ጥለን ቆመን አየነው። ቆራጩ ሚስቱን ሲያጭ የዚህን ሩብ እንኳ እንዳልደከመ ነገረኝ። ጭፈራው ካልጣማት ልትበላውም ትችላለች አሉ፤ ይሄኛው ግን ተረፈ።

ከዚያ ጠፋችብኝ። ስፈልጋት ስፈልጋት፣ ለማሳያ በተሰቀለው መጋረጃ እጥፋት ውስጥ ነጭ ድንኳን ሠርታ እንቁላሎቿን ስትጠብቅ አገኘኋት። ደስታዬ ብዙም አልቆየ፤ መጋረጃው ተሸጦ ነበር። በቤቱ ደንብ ደግሞ ተሰቅሎ የቆየ መጋረጃ ሳይተኮስ ለደንበኛ አይሰጥም። ተኩሺው የተባልኩትም እኔው! እንፋሎቱ እናትና ልጆችን ባንዴ ሊቀቅላቸው ነው። ለአሠሪያችን እንዳልነግራት፣ በሸረሪት ፍርሃት ካንቺ ትብሳለች፤ ያየ ሁሉ እንዲገድል አዛናለች። እንዳልተኩሰው፣ እጄ እምቢ አለኝ። ካውያው እስኪግል ቆሜ አወጣሁ አወረድኩ።

በመጨረሻ የመጣው ይምጣ ብዬ ሄጄ ተናገርኩ። አንዴ ብቻ እንድታያት ለመንኳት፤ ከዚያ ግደያት ካለችኝ እንደምገድላትም ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ቢሆንም በመርፌ ክር ስናሾልክ የምንጠቀምበትን ማጉያ መነጽር ይዛ፣ አንገቷን ብቻ አስግጋ ተጠጋች። ያቺ ሚጢጢ ትሸሻለች ስል፣ ከድንኳኗ ብቅ ብላ የፊት እግሮቿን አነሣችባት! አሠሪያችን መነጽሩን አቅርባ እሷንም ድንኳኗንም አየች። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጠችና ለደንበኛዋ ከአዲስ ጨርቅ ሌላ መጋረጃ እንድንሰፋ አዘዘች። የምሳ ሰዓታችን በዚያ አለቀ፤ ማናችንም አልተነጫነጭንም። ይኸው ሳምንታት አለፉ፣ እንቁላሎቹ ይፈልፈሉ አይፈልፈሉ ግን እስካሁን አልታወቀም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አጎታችንን እንዳይቆጣ አድርገሽ ሰላም በዪልኝ። ባለቤትሽን፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ ሰላም በያቸው። ትንሿ ልጅሽ መስኮት ላይ የምትዘል ሸረሪት ካገኘች ትንሽ መስታወት ፊቷ ታቁምላት፤ ከራሷ ጋር ስትፎካከር ታያታለች። አንቺ ግን አልጋሽ ላይ ውጪ።

ቆይ፣ ደብዳቤውን ላሽገው ስል ተጠርቼ ሄጄ መመለሴ ነው። ተፈልፍለዋል! ከነጥብ የማይበልጡ ሚጢጢዎች መጋረጃውን ሞልተውታል፤ አንዳንዶቹ ከአሁኑ ይዘላሉ። አንዲት ደንበኛ ጨርቁን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ፣ አሠሪያችን ከፊቷ ገባችና በለሆሳስ፣ እባክሽ አትንኪው፣ ልጆች አሉበት አለቻት።

ታናሽሽ
ከመስፊያ ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ግንቦት 12 ቀን