ያላዩትን የማያስነብቡት አቶ ጥሩሰው ረዳ፣ ከዘገየ እርማት ጋር

ወንድሜ አቶ ጥሩሰው ረዳ ከአባታቸው ከመሪጌታ ረዳ ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ መቅዲ አበበ በአምባሰል ወረዳ ሚያዝያ 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በሐይቅና በደሴ ተከታተሉ። በ1972 ዓ.ም. ደሴ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚና ደርዳሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሃያ አምስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲለቅሙ ኖረው የራሳቸው አማራቸው።

በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ መስታወት ይማም ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። እኔ ታናሽ እኅታቸው አመተ ማርያም ባሌ ሞቶብኝ ስመለስ ግን አንድ ልጄን መልከ ጼዴቅን እንደ አብራካቸው ክፋይ አሳደጉልኝ፤ ሥራቸውንም አስተማሩት።

በ1997 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው በር ላይ ሰሌዳ አቁመው «ሐይቅ ዳር» የተባለች የሰሌዳ ጋዜጣ ጀመሩ። በየሳምንቱ በገበያ ቀን ይለጥፏታል። ማስታወቂያ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መልሳቸው «ያላየሁትን አላስነብብም» ነበር። የዓሣ ማስታወቂያ ከሆነ ከአጥማጆቹ ጋር ጀልባ ላይ ይወጣሉ። ከየማስታወቂያው ግርጌ ባዶ መስመር ይተዉና እርሳስ በክር ያንጠለጥላሉ፤ ሄዶ ያየ ሰው እውነቱን እንዲጽፍበት። አንድ ልብስ ሰፊ «ሱሪ በሦስት ቀን» ብሎ ቢያስነግር አንዱ «በአሥራ አንድ ቀን፣ እሱም እግሩና እግሩ እኩል አይደለም» ብሎ ጻፈበት። ሰፊው ይፋቅልኝ ቢላቸው «ሱሪውን አስተካክል» አሉት፤ አስተካከለም። ዛሬ ሰው ጋዜጣ አያነብም ይባላል። እዚያ ሰሌዳ ሥር ግን ሰው ተጋፍቶ ያነብ ነበር፤ ከዐረብ አገር የተመለሱት ወጣቶችም በስልክ እያነሡ ጅዳ ላሉት ይልኩት ነበር። በ2014ቱ ጦርነት ሰሌዳው ለማገዶ ቢፈለጥ ሌላ አቆሙ። ስህተት ሲገኝ እርማቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፊደል ልክ፣ ባጠፋው ሰው እጅ ይጻፍ ነበር። ሕጋቸው ይኸው ነው።

ጋዜጣዋን ቴሌግራም ላይ ያወጣት መልከ ጼዴቅ ነው፤ ደስ ብሏቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. እሳቸው ለኩላሊት ሕክምና ደሴ አሥር ቀን ሲተኙ፣ ልጄ የአንድ ደላላ ማስታወቂያ «ሳዑዲ፣ በሕጋዊ ቪዛ፣ አይተን ያረጋገጥነው» ብሎ በስማቸው ለቀቀ፤ ሰሌዳውም ላይ ለጠፈ። ባዶ መስመር አልተወለትም። የጎረቤታችን የአቶ ሀሚዱ ልጅ ሙሚና «ጋሽ ጥሩሰው አይተውታል» ብላ እናቷን አሳምና ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሄደች። ደላላው የመን በረሃ ላይ ጥሏቸው ጠፋ። ሙሚና ከአሥራ አራት ወር በኋላ ተመለሰች። አንዷ እስከ ዛሬ ወሬዋ የለም።

የልጆቹ በረሃ መጣል እንደ ተሰማ ወንድሜ ልጄን እርማቱን በእጅህ ጻፍ አሉት። አልጽፍም ብሎ አዲስ አበባ ገባ። እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ያስሩብኛል አልኩ። «እሺ፣ አመተ» ብለው አነሡኝ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጻፉ። ሕጋቸውን ሲያፈርሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ወር ታሰሩ። ስንቅ አመላልስላቸው ነበር፤ እውነቱን ግን ይዤላቸው አልሄድኩም።

አሥራ ስምንት ዓመት በነፃ ያነበበ አገር፣ ሲፈቱ በገዛ እርሳሳቸው ሰሌዳው ላይ «ደላላ» ብሎ ጽፎ ጠበቃቸው። ስም አልጠራም፤ ዛሬ ደረታችሁን እየመታችሁ ቆማችኋል። እሳቸው እንዴት ያላዩትን ያወጣሉ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። እሳቸው ግን የአምስቱን ልጆች ቤት እየዞሩ ይቅርታ ለመኑ።

ልጄ ዛሬም አልመጣም። አዲስ አበባ ማስታወቂያ ይሠራል አሉ። ትናንት ፎቷቸውን አሳምሮ «አባቴ፣ አስተማሪዬ» ብሎ ለቀቀ፤ ሦስት ሺህ ሰው ወደደው ብለው አሳዩኝ። ባጎረሱ ጣታቸውን ተነከሱ። አንጀቴ አርሯል።

አቶ ጥሩሰው በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ እኅታቸውንና ያሳደጉትን ልጅ ትተዋል።

እርማት፦ በ2015 ዓ.ም. በ«ሐይቅ ዳር» የወጣውን የሳዑዲ ማስታወቂያ አቶ ጥሩሰው ረዳ አላዩትም፤ አላወጡትምም። ያወጣው ልጄ መልከ ጼዴቅ ነው። የደበቅሁት እኔ አመተ ማርያም ረዳ ነኝ። ይህንኑ ዛሬ ጠዋት በእጄ ጽፌ ሰሌዳው ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፊደል ልክ ለጥፌዋለሁ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያሳርፍልን፤ መስታወትን ያጽናልን።

ከዚህ ወረቀት ግርጌ ባዶ መስመር ትቻለሁ። ትናንት ለሙሚና ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ብዙ አለቀሰች። እርሳሱን እኔ ልያዝ ያለችው እሷ ናት፤ ከደጁ ቆማለች። ስለ ወንድሜ ያያችሁትን ጻፉ።