ጥርስሽን እንዳታስነቅይ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሸጋ፣ ካለሽበት ከወርቅ ቁፋሮው ሰፈር፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የቆላው ሙቀት፣ ትንኙ፣ ያ የወባው ነገርስ እንዴት እያደረገሽ ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ምግብ ቤትሽስ ሰው ይገባዋል ወይ? እኔ፣ ባለቤቴ ምህረቴ፣ ልጃችን ፍቅርአዲስና እምዬ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደህና ነን ማለቱ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ እኔስ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ይህችን እንኳ የምጽፍልሽ እየተነሳሁ መንገድ እያየሁ ነው። አንቺ ዘንድ ስልክ አይሠራ፤ ይህችን የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ኪዳኑ ድንቹን ጭኖ ዛሬ ይወጣል ሲሉኝ ቆይተው አሁን ደግሞ ጭነቱ አልሞላም ይላሉ።

ባለፈው ኪዳኑ ከአንቺ ዘንድ ሲመጣ፣ መንጋጋሽ አላስቀምጥ እንዳለሽና ጥምቀት ሲያልፍ ሚዛን ከተማ ወጥተሽ እንደምታስነቅይው ነግሮኝ ነበር። ያን ጊዜ ሥጋ በምን ልታኝኪ ነው ብዬ ስቄብሻለሁ። አሁን አልስቅም። እባክሽ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ደምሽ ሳይመረመር ጥርስሽን እንዳታስነቅይ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ኅዳር ላይ ለከሰል የምንተክለውን የዲከረንስ ዛፍ ችግኝ መደብ ስቆፍር ውዬ ማታ እጄ ተነፋ። እንደ ልማዳችን ሁሉም የእነ እምዬ ቤት ምች ነው አሉ። ዳማከሴ አሹልኝ፣ ከፀሐይ ደበቁኝ። በማግሥቱ እብጠቱ ከንፈሬ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ምላሴ፣ ከዚያ ድምፄ ተዘጋ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ምህረቴ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። የአለርጂ መርፌ ወጉኝ፤ ወይ ፍንክች! በአምቡላንስ ባሕር ዳር ወሰዱኝና ከሰው ደም ተለይቶ የሚወጣውን ቢጫ ውሃ፣ ፕላዝማ የሚሉትን፣ ሰቀሉልኝ። ቀስ እያለ አየር ገባልኝ። እታለም፣ ሞቼ ነበር ብልሽ ማጋነን አይደለም።

ሲሻለኝ ዶክተር ሶስና የምትባል ሐኪም ለምን ቶሎ አልመጣሽም አለችኝ። ምች መስሎኝ ነው፣ ቤታችንን ይወዳል አልኳት። አልሳቀችብኝም። ይህ ምች በጋብቻ ቤታችሁ የገቡትን መትቷቸው ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም በልቤ ቆጠርኩ። ምህረቴ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በልቶ እዚያው ፀሐይ ላይ ይውላል፤ አንድ ቀን አብጦ አያውቅም። የአባታችንም ወገን እንዲሁ። የሚያብጠው የእምዬ ደም ያለበት ብቻ ነው። ደሜን አዲስ አበባ ልካ አስመረመረችው፤ ውጤቱ ሰሞኑን መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደማችን ፕላዝማ ውስጥ የሚዞር፣ ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሲ ዋን ኢንሂቢተር ይባላል። ስሙን ደጋግማ አስጠንታኛለች። ሰውነት ሲቆስል ወይም ተውሳክ ሲገባበት ለመከላከል የሚነሱ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ ይኸኛው በቃችሁ ብሎ የሚመልሳቸው ነው። የፈረስ ልጓም በዪው፤ የእኔ አንሶ ተገኝቷል። ልጓሙ ሲያንስ ብራዲካይኒን የሚሉት ነገር ይበዛና የደም ሥሮቻችን ውሃ ያሾልካሉ፣ ያን ጊዜ እናብጣለን። ሆድ ዕቃ ላይ ሲመጣ ደግሞ ያ እምዬን የሚያንከባልላት ቁርጠት ነው። ጉበት ይህን ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ ያለው ሰርፒንግ ዋን በሚባል ዘረ መል ላይ ነው። አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወርሳለን፤ አንዱ ከተበላሸ ለበሽታው ይበቃል። ታዲያ አንቺም ወይ ወርሰሻል ወይ አልወረስሽም፤ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው አለችኝ። እኔ ግን ሠርግሽ ሰሞን ከንፈርሽ ተነፍቶ አማቶችሽ ሙሽራዪቱን ማን መታት ያሉት አይረሳኝም። ጭንቀትም ያስነሳዋል፣ ድካምም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጥርስ መነቀል ነው፤ እብጠቱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል፣ ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ጉሮሮሽን ይዘጋዋል።

የእምዬን ወንድም፣ አጎታችን ጋሽ አወቀን አስቢያቸው። ዳንግላ ጥርሳቸውን ተነቅለው በሰላም ገብተው ሲነጋ አልተነሱም። እምዬ ይህን ሁሉ ዘመን የነቀሉላቸውን ድሬሰር ስትረግም ኖራለች። አሁን ስንነግራት ሰውየውን ይቅርታ ካልጠየቅሁ ብላ በሚኒባስ ዳንግላ ሄደች። አርጅተዋል፣ ነገሩንም አያስታውሱትም ብላ የባሰ ተክዛ ተመለሰች። ጡቴን ብቻ የሰጠኋችሁ መስሎኝ አለችኝ። አንቺም ከአባትሽ ነው የወረስሽው፣ ማን መርጦ ይወልዳል ብላት አልሰማ አለችኝ። የፍቅርአዲስም ደም ተወስዷል። ጉንጯን ባከከች ቁጥር ዓይኔ እሷ ላይ ነው፤ ልጅቷን አሰለቸኋት።

እንግዲህ ሕመሙን ማስታገሻ እየዋጥሽ ቻዪው። ዶክተር ሶስና የጻፈችው ወረቀት እዚሁ ውስጥ አለ፣ ጅማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ምርመራው በሽታው አለብሽ ካለ ጥርሱን የሚነቅሉልሽ ፕላዝማ ወይም መድኃኒቱ በተዘጋጀበት ቦታ፣ አስቀድመው ሰጥተውሽ ነው። ድንገት ጉሮሮሽ ካበጠ የአለርጂ መርፌ እንደማያድንሽ ንገሪያቸው። እልኸኛ ነሽ፣ አውቅሻለሁ፤ ለአንድ ጥርስ ይህ ሁሉ ትያለሽ። በዚህ አትከራከሪኝ።

ለባልሽ ለአበረ በጣም አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ ወደ ነቃዩ ብትሄጂ በር ላይ እንዲቆምብሽ አደራ በዪው። ወጥ ቤት ለምታግዝሽ ለማሪቱም ሰላምታዬ ይድረሳት። ምህረቴ ናፍቀሽኛል ይላል። ፍቅርአዲስ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች። እምዬ እንደ በደለኛ ጉልበትሽን ስማ ትመርቅሻለች።

መልስ ለመጻፍ አትድከሚ። ጥርሱ አሁንም አፍሽ ውስጥ ካለ ለኪዳኑ «አለ» በዪው። ሚዛን ሲደርስ ኔትወርክ ያገኛል፣ ይደውልልኛል። እሱ እስኪደውል ይህን ስልክ ከእጄ አላወርድም።

እህትሽ እመቤት
እንጅባራ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.