ያ ወታደር ልጄ አልነበረም

ለልጄ ለአስረስ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎንደር ሳለን በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄ ይዘገያል። ይህን ወረቀት ከያዝኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። አልጋህን ለጎረቤት ሰጠሁት፤ በቦታው ጠረጴዛ አቁሜ አሁን እዚያ ላይ እጽፍልሃለሁ። የመድኃኒትህን ጠርሙስ ግን አልጣልኩም። ሊፍቱ በስንት ጊዜው ተሠራ። ወደ ባሕሩ የምወርደው ብቻዬን ነው። ከአጎትህ ከመኮንን ጋር ደግሞ ከሰላምታ በቀር ቃል የለንም። ወንድሜ በምን አስቀየመኝ? ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ያን ጠዋት በሽታህ ጥሎህ ሳትነሳ ስትቀር፣ ከሕንፃው ሥር ድንኳን ተተከለ። ከሌሎች ከተሞች፣ ከሐደራም ከረሆቮትም፣ ሰው በአውቶቡስ መጣ። አልቃሿ ከክፋር ዮና የተጠሩ ትልቅ ሴት ነበሩ፤ አንተን አያውቁህም። ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት እንደ ደንቡ «ልጁ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁ። አፌን ሳልከፍት መኮንን ቀደመኝ። «ወታደር ነበር እማማ። ከጻቫ ሲወጣ ፖሌግ ፋብሪካ ገባ። ሥራ የማይፈራ ልጅ ነበር» አለ።

አንተን የእስራኤል ጦር አልወሰደህም። ፋብሪካም ገብተህ አታውቅም። በቀን ሁለቴ የሚወድቅን ሰው ማን ይቀጥራል? ሴትዮዋ ግን የተነገራቸውን ይዘው እንዲህ ብለው አወረዱ፦

ጠመንጃው በጫንቃው እንዴት ያምርበታል፣
ፋብሪካው ተዘግቶ እጆቹን ይጠብቃል።

ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። ለማላውቀው ወታደር ለቅሶ እንደተቀመጥኩ ሆነብኝ። የኔ ልጅ በዚያ ድንኳን ውስጥ የትም አልነበረም።

ይህን ያደረገው መኮንን ነው እኮ። አዲስ አበባ፣ ወደ እስራኤል ወደሚያመጣን አውሮፕላን ስንሄድ ስትወድቅ አንሥቶ፣ በጀርባው አዝሎ ያስገባህ መኮንን። ያን ቀን ምን ሥራ ትችላለህ ብሎ አልጠየቀህም። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ያህል አይከፋኝም ነበር።

የኔው ግን ይብሳል። ዝም አልኩ። ዝም ብቻም አይደለም፤ አልቃሿን ተከትዬ «ወታደሬ፣ ወታደሬ» እያልኩ አለቀስኩ። ሴቶቹ በአክብሮት ሲያዩኝ ደስ አለኝ፣ ልጄ። አንተ ገና ከአፈር ሳትስማማ እኔ ሌላ ልጅ ወደድኩብህ። መኮንንን ስከስ የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው።

የሙት ዓመትህ መታሰቢያ፣ አዝካራው፣ በመጪው ወር ነው። ባለፈው ሰንበት መኮንን መጥቶ እኚያኑ አልቃሽ መጥራቱን ነገረኝ። የዚያን ወታደር ሙሾ እንዳይደግሙት አልኩት። «ታዲያ ምን ተብሎ ይለቀስለት? ምን ሠርቶ? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አለኝ።

ልመልስለት ጀመርኩ። ከላይ ፎቅ ለሚኖሩት ለሩሲያዊቷ አሮጊት ዘንቢል ይሸከምላቸው ነበር አልኩ። ደብዳቤ ከሳጥኑ ያመጣልኝ ነበር አልኩ። ከዚያ መሐል ላይ ቆምኩ። በመጨረሻው ዓመት እጅህ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ እንኳ አትይዝም ነበር። ያን ጊዜ ልጄ መሆንህ ጎደለ? እኔም እንደ መኮንን ሥራ እየፈለግሁልህ ነበር፤ የሱ ትልቅ፣ የኔ ትንሽ መሆኑ ነው እንጂ።

«ምንም አልሠራም፤ ልጄ ነበር» አልኩት። ከበሩ ላይ ሆኖ፣ እንዲህ ካልሽ አዝካራው ላይ አትጠብቂኝ ብሎኝ ወጣ።

እሁድ ለአልቃሿ ራሴ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳቸው። «እኔንም ዋሻችሁኝ ማለት ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው። ስልኩን ይዘጉብኛል ስል «ሲስቅ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በዚህ ሁሉ ወር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሳቅህ ከአፍንጫህ እንደሚጀምር ነገርኳቸው። ማዕበሉ እግርህን ሊነካ ሲል እየጮህክ እንደምትሸሽ፣ ሸሽተህም መልሰህ እንደምትጠጋ። ሀብሐብ ስትበላ ነጩ እስኪታይ እንደምትግጥ። ወድቀህ ስትነቃ በመጀመሪያ እጄን እንደምትፈልግ፣ ካገኘኸውም በኋላ ምንም ሳትናገር ይዘኸው እንደምትቆይ። ሴትዮዋ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ይህ ሙሾ ቀላል አይደለም፤ ጊዜ ስጪኝ» አሉ።

መኮንን ይምጣ ይቅር አላውቅም። ቢቀር ያመኛል፤ ቢሆንም ሐሳቤን አልለውጥም። በዚያ ቀን ከሙሾው በፊት ተነሥቼ ያለቀሱለት ወታደር የኔ እንዳልነበረ እናገራለሁ። ያከበሩኝ ሴቶች ይሳቁብኝ፣ ይዘኑብኝ፣ እንደ ፍጥርጥራቸው ያድርጉ። ድምፄ ከተያዘ ስምህን ብቻ ጠርቼ እቀመጣለሁ።

አንተ ግን ይህን ያዝልኝ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሌላ ሰው አድርጌ አላስታውስህም።

እናትህ